«ማዘመን» እና «መድፈን»፤ የመካነ ድር መሥሪያ ሶፍትዌሮችን ዜና ስለ መተርጐም

የመካነ ድር መሥሪያ ሶፍትዌሮችን የሚመለከት ዜና በየጊዜው ይወጣል። ዜናው በይዘቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንደኛው አዲስ እትም መውጣቱን ያስታውቃል፤ ሁለተኛው የሠሪዎችንና የተጠቃሚዎችን ስብሰባ ይጠራል፤ ሦስተኛው በሶፍትዌሩ ውስጥ አደገኛ ጉድለት መገኘቱን ያስጠነቅቃል። ሦስቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያገለግሉት የሙያ ቃላት ገና አልረጉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች የቃላቱ አለመርጋት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል ነው፤ አንባቢው ቢበዛ ጥቂት ግራ ይጋባል። በሦስተኛው ግን አንድ ቃል ባለመስመሩ ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ያከማቸውን ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ይበልጡን የምንቈየው በማስጠንቀቂያው ቃላት ላይ ነው። ከጎባና ከሮቤ ምሳሌ የምንጠቅሰው፣ በባሌ ደጋ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚነገሩ በመሆናቸው ማናቸውም አዲስ ቃል በሁለት ቋንቋ ጆሮ የሚመዘን ስለሆነ ነው።

አስቀድመን ስለ ሶፍትዌሮቹ ጥቂት እንበል። የመካነ ድር መሥሪያ ሶፍትዌር የምንለው፣ የኮምፒዩተር ቋንቋ ያልተማረ ሰው ጽሑፍና ሥዕል እያስገባ መካነ ድር እንዲያቆም የሚያስችለውን የተሰናዳ ሥርዓት ነው። ባለሙያዎች የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይሉታል። በሰፊው የታወቁት ሦስቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ድሩፓል፣ በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስና በ2005 የወጣው ጁምላ ናቸው። ከዓለም መካነ ድሮች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕሬስ ብቻ እንደ ተሠሩ ይገመታል። ስሞቻቸው ለመዝገበ ቃላት ሰው ደስ የሚያሰኙ ናቸው። ድሩፓል የተወሰደው የውሃ ጠብታ የሚል ፍቺ ካለው የሆላንድ ቃል ነው። ጁምላ ደግሞ በስዋሂሊ «ባንድነት፣ በሙሉ» ማለት ሲሆን ምንጩ ዐረብኛ ነው፤ በእኛም ቋንቋ «ጅምላ» ሆኖ ገብቷል። እኛ ለነጋዴ የሰጠነውን ቃል እነርሱ ለማኅበር ስም አደረጉት ማለት ነው። ይህም ሆኖ እነዚህ የተጸውዖ ስሞች ስለሆኑ አይተረጐሙም፤ የዎርድፕሬስ ዐበይት እትሞች ለጃዝ ሙዚቀኞች ክብር የሚሰየሙባቸው ስሞችም እንዲሁ እንዳሉ ይጻፋሉ።

በርእሳችን ላይ «ድረ ገጽ» ሳንል «መካነ ድር» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ድረ ገጽ» በጋዜጣም በራዲዮም ለምዶ ለጠቅላላው ሥፍራም ለአንዷ ገጽም ያገለግላል። በተራ ንግግር ይህ አያስቸግርም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው «ገጹን ሳይሆን መላውን ሥፍራ ዝጉ» የሚል ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አይቻልም። «መካነ ድር» እንደ «መካነ መቃብር» እና «መካነ አእምሮ» ባለው ጥንታዊ አናባቢ የተሠራ ነው፤ ሥፍራን ከገጽ ለይቶ ያሳያል። «ዌብሳይት» የሚለውን ውሰት እንዳለ የሚይዙም አሉ፤ እኛም አንነቅፋቸውም። በባሌ ግን አንድ እንግዳ ግጥሚያ አለ። ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ወይብ ነው፤ በቆዩ የውጭ አገር ካርታዎች ላይ «ዌብ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የኦሮምኛ ጸሐፊዎች በበኩላቸው «መርሰሪቲ» የሚል የራሳቸው ቃል አቁመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። በስልክና በኮምፒዩተር ላይ የሚታየው የአማርኛ ትርጒም፣ ሶፍትዌርን ወደ ቅርቡ እትም ማምጣትን «ማዘመን»፣ ስሙንም «ዝማኔ» ብሎታል። አፈጣጠሩን ብንመረምር ነቀፋ የለበትም። «ዘመን» ከሚለው ስም «ዘመነ» እና «አዘመነ» ይወጣሉ፤ «ዝማኔ» ደግሞ እንደ «ውሳኔ» እና «ቅዳሴ» ያሉትን ስሞች ቅርጽ ተከትሎ የተቀረጸ ነው። ቅርጹ የሰመረውን ያህል ፍቺው አልሰመረም።

በጎባ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መካነ ድሩን ከሌላ ሥራቸው ጋር ደርበው የሚጠብቁ አንድ የመዝገብ ቤት ባልደረባ አነጋግረን ነበር። በመቈጣጠሪያው ገጽ ራስጌ «አዲስ ዝማኔ አለ» የሚል ማሳሰቢያ ተንጠልጥሎ ከርሟል። ለምን እንዳልነኩት ስንጠይቃቸው፣ «እሱማ የማዘመን ጉዳይ ነው፤ በጀት ሲፈቀድ ይደርሳል። ያለውስ መቼ አነሰን?» አሉን። መልሳቸው ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ቃሉን ማናቸውም አማርኛ ተናጋሪ እንደሚረዳው ተረድተውታል። እርሻን ማዘመን፣ ፋብሪካን ማዘመን፣ የጦር ኃይልን ማዘመን እንላለን፤ ሁሉም ዕቅድና ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የነበረውን ትቶ ወደ ተሻለ መሻገርን ያመለክታል። በቃሉ ውስጥ የምኞት እንጂ የችኰላ ስሜት የለም። እንዲያውም «ዘመን አመጣሽ» ስንል ጥቂት ንቀትም እንጨምርበታለን። «ቤቱን አዘምን» የተባለ ሰው ነገ ቢያደርገው ምንም አይቀርበትም፤ «የቤትህ ግድግዳ ተነድሏል» የተባለ ግን ሳይመሽ ይነሣል።

ችግሩ፣ «ዝማኔ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎችን መሸፈኑ ነው። የዎርድፕሬስ 6.8 እትሞችን ቅደም ተከተል ብናይ ይህ ግልጽ ይሆናል። እትም 6.8 ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲወጣ አዳዲስ ችሎታዎችን ይዞ መጣ፤ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትንም ዘዴ አጠነከረ። ከእርሱ በኋላ የወጡት 6.8.1 እና 6.8.2 የአሠራር እንከኖችን ያቃኑ ነበሩ። መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው 6.8.3 ግን ሰርጎ ገብ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ክፍተቶችን ለመዝጋት የወጣ ነው። አንደኛው ማላቅ፣ ሁለተኛው መጠገን፣ ሦስተኛው መድፈን ነው። በቍጥሩ ብቻ የሚመራ አንባቢ ግን የሚያየው ከ6.8.2 ወደ 6.8.3 የተደረገች አንዲት ትንሽ ርምጃ ነው፤ ትንሿ ቍጥር ትንሽ ጉዳይ ትመስለዋለች። በማስጠንቀቂያ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቁ ቍጥር ሊቈይ ይችላል፣ ትንሹ አይቈይም።

ምን ያህል እንደማይቈይ የድሩፓል ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 የድሩፓል ሠሪዎች በእትም 7 ውስጥ ብርቱ ክፍተት መኖሩን ገልጸው መድፈኛውን አወጡ። ሁለት ሳምንት ቈይተው ባወጡት ሁለተኛ መግለጫ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በኋላ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልተደፈነ ማናቸውም የድሩፓል 7 መካነ ድር ተሰብሮ እንደ ተገባበት መቈጠር አለበት አሉ። ይህን ሰዓት ወደ እኛ አቈጣጠር እንመልሰው። ማስታወቂያው የወጣው ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ያበቃው በዚያው ሌሊት በ8 ሰዓት ነው። በጎባ ቢሮዎች ተዘግተው፣ በጥቅምት ብርድ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሚተኛበት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር ተጀምሮ ተፈጸመ ማለት ነው። በነጋታው ጧት ቢሮ ገብቶ ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው ምንም ቢፈጥን ዘግይቷል። እግረ መንገዳችንን ለተርጓሚዎች እናሳስብ፤ በእንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ውስጥ የዓለም አቀፉን ሰዓት እንዳለ ገልብጦ መተው፣ ቃሉን ሳይተረጕሙ ከመተው አይሻልም።

ጊዜው ይህን ያህል የሚያጥርበት ምክንያት አለው። መድፈኛው ራሱ ክፍተቱ የት እንደ ነበረ ያመለክታል። አንድ የፊሎሎጂ ሰው ሁለት የብራና ቅጂዎችን አነጻጽሮ የትኛው ቃል እንደ ተለወጠ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ሰርጎ ገቡም የቀድሞውንና የአዲሱን እትም ጽሑፍ ጎን ለጎን አንብቦ የተለወጠውን መስመር ያገኛል፤ ከዚያም ያላደሱትን ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የዎርድፕሬስ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው እትም 3.7 ትንንሾቹ እትሞች ያለ ተጠቃሚው እጅ በራሳቸው እንዲገቡ አደረጉ። ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. እትም 4.7.2 ሲወጣም ከክፍተቶቹ የከፋውን ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይገልጹ ቈዩ፤ ተጠቃሚዎች እንዲቀድሙ ነበር። ያም ሆኖ ነገሩ ከተገለጸ በኋላ ባልታደሱ መካነ ድሮች ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች መጠልሸታቸው ተዘግቧል።

እንግዲህ ለሦስተኛው ሥራ ምን ቃል ይሁን? በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ቃል ከልብስ ጣፊ የተወሰደ ነው፤ በተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ መጣፍን ያመለክታል። በአማርኛ «መጣፍ» ብንል ግን፣ በብዙ አገር ሰው አነጋገር «መጣፍ» መጽሐፍ ማለት ስለሆነ ፍቺው ይደናገራል። «ድሪቶ» ደግሞ ንቀት አለበት። እኛ የምናቀርበው «መድፈኛ» የሚለውን ነው። «ክፍተት» እና «ደፈነ» በአማርኛ ቀድሞውንም የሚፈላለጉ ቃላት ናቸው፤ ማንም ሳያስተምረን «ክፍተቱን ደፈነ» እንላለን። በኦሮምኛም «ዱቹ» የሚለው ግሥ ቀዳዳን መድፈንን ስለሚያመለክት፣ በጎባ በሁለቱም ቋንቋ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው አንዱን ሐሳብ ይዞ ሁለት ጊዜ መጻፍ ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው «ደፈነ» ከ«አዳፈነ» ጋር እንዳይቀላቀል ነው። «ክፍተቱ ተዳፈነ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ሳያውቀው ሠሪዎቹን ነገር በመሸፋፈን ከሷቸዋል። እንደ ጎባ ባለ ደጋ አገር ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ማታ የተዳፈነ ፍም ጧት አመዱን ሲገልጡት ቀይ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው «ተደፈነ» በአንድ ፊደል ስሕተት «ተደፈረ» እንዳይሆን ነው። ይህ በእርማት ጊዜ ዐይን የሚሻ እንጂ ቃሉን የሚያስጥል አይደለም።

«ማዘመን» ይጥፋ አንልም። በሚሊዮን በሚቈጠሩ ስልኮች ላይ የተጻፈን ቃል በአንድ መጽሔት መሻር አይቻልም፤ አዲስ ችሎታ ይዞ ለሚመጣ እትምም ተገቢ ቃል ነው። ለጠቅላላው ድርጊት ግን «ማደስ» የሚለው ይሻላል ብለን እናምናለን። ቤትም፣ ፈቃድም፣ መታወቂያም ይታደሳል፤ የንግድ ፈቃዱን በጊዜው ያላሳደሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው በጎባ ገበያ ማንም አይነገረውም። «ማደስ» ቀነ ገደብ ያለው ቃል ነው። በኦሮምኛ የሚሠራበት «ሃሮምሳ» ያለው ፍቺም ይኸው እድሳት ነው። ስለሆነም የአንድ ማስጠንቀቂያ ራስጌ እንዲህ ቢነበብ እንመርጣለን፤ «የዎርድፕሬስ 6.8.3 የመድፈኛ እትም ወጥቷል። የደኅንነት ክፍተቶችን ይደፍናል። መካነ ድርዎን ዛሬውኑ ያድሱ።» አክብሮቱን ልብ ይሏል። በአንዳንድ ትርጒም የሚታየው «አዘምን» የሚል ትእዛዝ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው በሚያነቡት ገጽ ላይ ከልጅ አፍ እንደ ወጣ ቃል ይሰማል።

ከላይ «ክፍተት» ስንል «ተጋላጭነት» የሚለውን የለመዱ ወገኖች ይጠይቁን ይሆናል። «ተጋላጭነት» ከረድኤት ሥራና ከጤና የመጣ ሲሆን የሚያመለክተው የአንድን ሰው ወይም አካባቢ ሁኔታ ነው፤ ለድርቅ መጋለጥ፣ ለበሽታ መጋለጥ እንላለን። በሶፍትዌር ማስጠንቀቂያ ውስጥ ግን የሚነገረው ስለ ሁኔታ ሳይሆን ስለሚቈጠር ነገር ነው፤ እዚህ መስመር ላይ አንድ፣ እዚያ መስመር ላይ ሁለት እየተባለ ይመዘገባል። «ሁለት ተጋላጭነቶች ተገኙ» የሚል አማርኛ አንደበት ላይ አይቈምም፤ «ሁለት ክፍተቶች ተገኙ» ግን ይቈማል። ክፍተቱ ስላለ መካነ ድሩ ተጋላጭ ይሆናል፤ ሁለቱንም ቃላት እንፈልጋቸዋለን፣ በየቦታቸው።

«ደኅንነት» የበለጠ ያስቸግራል። በአማርኛ ከጤናና ከሰላም ፍቺው ሌላ የስለላ መሥሪያ ቤት መጠሪያም ሆኗል፤ «ከደኅንነት የመጣ ማሳሰቢያ» የሚለውን ያነበበ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሶፍትዌር አይደለም። በዚህ ላይ ቃሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ጸንቷል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኋላም አስተዳደር ተብሏል። ስለዚህ ልንለውጠው አንሞክርም። «የደኅንነት ክፍተት» በማለት ዘወትር ከ«ክፍተት» ጋር አጣምሮ መጻፍ ግርታውን ያስወግዳል።

ይኸው መሥሪያ ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ክርክር በጋለበት ወቅት፣ መቀመጫቸውን በግብጽ ያደረጉ ቡድኖች የኢትዮጵያን መካነ ድሮች ለማጥቃት እንደ ሞከሩ አስታውቋል። ከቡድኖቹ አንዱ ሳይበር ሆረስ ይባላል፤ በበርካታ ኢትዮጵያዊ መካነ ድሮች ፊት ላይ የፈርዖን ሥዕልና ዛቻ ለጥፎ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ድርጊት «መጥለፍ» የሚለው አይበቃም፤ ጠላፊ ይዞ ይሄዳል፣ እነዚህ ግን ጽፈው ሄዱ። አማርኛ በዚህ ረገድ ታድሏል። «ገጽ» ፊትም ነው፣ የመጽሐፍ ቅጠልም ነው፤ «ማጠልሸት» ደግሞ መልክንም ስምንም ማጥቈር ነው። «ገጽ ማጠልሸት» ስንል ከባዕድ ቃል ምንም ሳንዋስ ነገሩን ከነውርደቱ እንገልጸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ከቀረቡት ቃላት ሁሉ ያለ ክርክር ያልፋል ብለን የምንተማመንበት ይህን ነው።

እትም መውጣትን «ልቀት» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ከ«ለቀቀ» የወጣ ነው። ነገር ግን ከ«ላቀ» የወጣ ሌላ «ልቀት» በ«የልቀት ማዕከል» ውስጥ ይገኛል፤ የፋብሪካ ጭስም «የካርቦን ልቀት» ይባላል። ሁለት ትርጒም የተሸከመን ቃል ሦስተኛ ማሸከም አይገባም፤ «እትም ወጣ» ይበቃል። ከዚህ የከፋው፣ ሠሪዎች ለአንድ አሮጌ እትም መድፈኛ ማውጣት የሚያቆሙበትን ቀን «የሕይወት ፍጻሜ» ብሎ መተርጐም ነው። ድሩፓል 7 ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ድጋፉ አበቃ፤ በእርሱ የተሠሩ መካነ ድሮች ግን በማግሥቱም ይከፈቱ ነበር። «ሞተ» የተባለው ነገር እየሠራ ያየ ተጠቃሚ ማስታወቂያውን ሐሰት አድርጎ ይወስደዋል። «የድጋፍ ማብቂያ» ቢባል፣ መካነ ድሩ ቆሞ ሳለ ጠባቂው እንደ ሄደ ይገባዋል።

ወደ ስብሰባው ዜና ስንመጣ ነገሩ ይቀላል፤ ደስም ይላል። የዎርድፕሬስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በሳን ፍራንሲስኮ የጀመሩት ጉባኤ ዎርድካምፕ ይባላል፤ በአፍሪካም በኬፕ ታውን፣ በካምፓላ፣ በናይሮቢና በሌጎስ ተካሂዷል። ስሙ እንዳለ ይቅር፤ ስለ ይዘቱ ሲነገር ግን «ካምፕ» የሚለውን ማስገባት አይመከርም፤ ለእኛ ካምፕ የወታደር ወይም የስደተኛ ሠፈር ነው። «ጉባኤ» ይበቃዋል። በጉባኤው ውስጥ ግን አንድ ልዩ ቀን አለ፤ ተሰብሳቢዎቹ ንግግር ትተው ሶፍትዌሩን በጋራ የሚያቃኑበት፣ የሚተረጕሙበት ቀን። ይህን «የአስተዋፅኦ አድራጊዎች ቀን» ብለው የተረጐሙ አሉ፤ የዕድር መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ያስመስለዋል። ገበሬው ግን ስሙን ካወጣለት ቈይቷል፤ ደቦ ነው። ያለ ክፍያ፣ በተራ፣ ለአንዱ ማሳ ሁሉም የሚወጣበት ሥራ። በኦሮምኛም «ደቦ» ይባላል፤ «ጅጌ» እና «ጂጊ» እንዲሁ የሁለቱ ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ናቸው። ሚያዝያ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የዎርድፕሬስ ዓለም አቀፍ የትርጒም ቀን ከደቦ በምን ይለያል? የሶፍትዌሩ አማርኛም የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች እጅ ነው። የመካነ ድር ቃላት ጉዳይ የሚያሳስበን ሰዎች በዚያ ማሳ ላይ ጥቂቶች ነን፤ አብዛኛውን አዝመራ የሚያነሡት ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ናቸው።

ከቀሩት ቃላት «ገጽታ» ለመልክ ማውጫው፣ «ሰርጎ ገብ» ለአጥቂው፣ የየራሳቸውን ቦታ ይዘዋል። ኋለኛው የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ሆኖም ሥራውን ይገልጻል። «ተሰኪ» ከ«ሰካ» የወጣ ሲሆን በዋናው ሶፍትዌር ላይ የሚሰኩትን ተጨማሪ ክፍሎች በሚገባ ይሰይማል፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። በዎርድፕሬስ ዙሪያ የሚገኙት ክፍተቶች እጅግ የሚበዙት በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ ተሰኪዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ተሰኪውን በስሙ ይጠራዋል፤ ተርጓሚውም ስሙን ወደ አማርኛ ሊመልስ ይቃጣዋል። ይህን ማድረግ የለበትም። የተሰኪው ስም በመቈጣጠሪያው ገጽ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ በአማርኛው ማስጠንቀቂያም በግእዝ ፊደል ከተጻፈው ድምፁ ጎን ያው የላቲን አጻጻፍ ሳይለወጥ ይቀመጥ፤ የጎባው ባልደረባ ማስጠንቀቂያውን በእጃቸው ይዘው በዝርዝሩ ውስጥ ሲፈልጉ ፊደሉን ከፊደሉ ማስተያየት ይችላሉ።